ለእንግዳ የተነጠፈ ፍራሽ

ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ ድሮ ቁጭ ብዬ አስረዳ ነበር። አሁን «ለማኝ ነኝ» ብዬ እገላገላለሁ። የቅጥር ውሌ ላይ የሰፈረው የአጋርነትና የሀብት ማሰባሰብ ኦፊሰር የሚል ረጅም ስም ነው። ድርጅታችን ነቀምቴ ላይ ጠባብ ቢሮ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንድ አለቃ ያለው ትንሽ የጤና በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የእኔ ድርሻ ባሕር ማዶ ያሉ ባለጸጎች ያቋቋሟቸውን ፋውንዴሽኖች ማፈላለግ፣ ማግባባት፣ ወዳጅ ማድረግ፣ በመጨረሻም ለወለጋ ጤና ጣቢያዎች ገንዘብ እንዲሰጡ ማድረግ ነው። «ግንኙነቱን ሞቅ አድርገሽ ያዢው» ይለኛል አለቃዬ በደወለ ቁጥር። እንዴት እንደሚሞቅ ግን ነግሮኝ አያውቅም።

ከቢሯችን ሥር ሱቅ ያለው ነጋዴ፣ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ላይ ቤት የሠራ ሰው፣ ሥራዬን ከእኔ በተሻለ ያብራራዋል። «እኔ ዕቃ እደረድራለሁ፣ አንቺ ችግር ትደረድሪያለሽ» ይለኛል። «የእኔ ደንበኛ የወደደውን ገዝቶ ይሄዳል። ያንቺ ደንበኛ ዓመት ሙሉ ሲያገላብጥ ከርሞ ሌላ ቀለም የለም ወይ ይልሻል።» ስናደድ ማየት ደስ ስለሚለው እየሳቅሁ አልፈዋለሁ። ግን እውነቱን ነው።

አሁን የማወራው ጣጣ ሁሉ የመጣው ነቀምቴ አጠገብ ካለችው ከጉቴ ወጣ ብላ ባለች ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ በቆመች አንዲት የጭቃ ቤት ምክንያት ነው። የእናቶች ማቆያ ትባላለች። ወንዝ ተሻግረው ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች መውለጃቸው ሲቃረብ እዚያ ያርፋሉ። ምጥ ሲይዛቸው ግቢውን አቋርጠው አዋላጅ ነርሷ ዘንድ ይደርሳሉ፤ በቃ፣ ጥቅሟ ይኸው ነው። ማቆያዋ ባትኖር ምጥ የያዛትን ሴት ወንዶች በወሳንሳ ተሸክመው በጭቃ ውስጥ ሲያዳልጣቸው፣ ወንዙ ሞልቶ ሲመልሳቸው ነው የሚመሸው። ስንቷ መንገድ ላይ እንደቀረች የአገሩ ሰው ያውቃል።

የቤቲቱ ጣሪያ ግን ዝጎ ወንፊት ሆኖ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሴቶቹ ያንን የመሰለ ሆድ ይዘው ከጥግ ወደ ጥግ ይሸሻሉ። የሚተኙት ሰሌን ላይ ነው። አዋላጇ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ቀን ከሌት የማትቀመጥ ልጅ ናት፤ ቤቱ ከክረምቱ በፊት ካልታደሰ ይዘጋል የሚል ትእዛዝ ከወረዳ ደርሷት ነበር። «ይዝጉት፤ ከዚያ ሴቶቹን እቤቴ አስተኛለሁ» አለችኝ አንድ ቀን፣ አንድ ክፍል ቤቷን እያሳየችኝ። ቀልዷን አልነበረም። ስለዚህ እኔ የምፈልገው ነገር ግልጽ ነበር፤ ዝናቡ ሳይቀድመን ቆርቆሮ፣ አልጋና ፍራሽ።

የአንድ ፋውንዴሽን በር ማንኳኳት ጀመርኩ። ምላሴ ፀጉር እስኪያበቅል ለመንኩ። በኢንተርኔት ስብሰባ ላይ የምትቀርበው የፕሮግራም ኃላፊ ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት፤ ጨዋ መሆኗን አልክድም። ግን አንድ ሰሞን ጉዳያቸው ኦክስጅን ይሆናል፣ ቆየት ብሎ የሕፃናት ምግብ፣ ከዚያ ደግሞ የአየር ንብረት። እኔም ያችኑ የምታፈስ ጣሪያ እንደየሰሞኑ ልብስ እየቀየርኩ አቀርባታለሁ። በመጨረሻ «የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም የእናቶች ጤና መሠረተ ልማት» ሆነች። ቆርቆሮ ነው የፈለግሁት እኮ። ስብሰባው መሀል መብራት ይጠፋል፤ ጄኔሬተር ወዳለው ሆቴል እሮጣለሁ፤ ስደርስ ኔትወርኩ ይሄዳል። አንድ ቀን ተመልሶ ሲመጣ ሰዎቹ ተሰነባብተው ጨርሰው እኔ ብቻዬን የራሴን ፊት ሳይ ተገኘሁ። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ለእኔ መሰለኝ።

ከብዙ መጉላላት በኋላ ኃላፊዋ ራሷ መጥታ ቦታውን ልታይ ፈቀደች። የምትቆየው ግማሽ ቀን ብቻ ነው፤ መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም፣ ከዚያ በላይ አልፈቀዱላትም። አለቃዬ ደስታውን አልቻለውም። እኔም ብሆን ደስ ብሎኛል፤ እነዚያ ሰሌኖችና ያ ጣሪያ ከእኔ ፕሮፖዛል የተሻለ ይናገራሉ ብዬ አምኜ ነበር።

በጤና ጣቢያዋ ዙሪያ ያሉ ሴቶች አራስ በተገኘ ቁጥር ማርቃ፣ በቅቤ የራሰ ገንፎ፣ ይዘው የመምጣት ልማድ አላቸው። ማንም አላደራጃቸውም፤ አራስ ብቻዋን ገንፎ አትበላም፣ ነገሩ ይኸው ነው። የሚሰሟቸው ሰው አንዲት ጠና ያሉ እናት ናቸው። ሀርሜ እላቸዋለሁ፣ እናቴ እንደማለት ነው። እሳቸውም «ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ። ያደግሁት ጊዳ አያና ነው፤ ወላጆቼ ከወሎ የሄዱ ሰዎች ስለሆኑ ቤት ውስጥ የወሎ አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ እየተናገርኩ አደግሁ። እዚያ ብጥብጥ መጥቶ ቤተሰቤ ከተበተነ ወዲህ ልጄ የሚለኝ ሰው ብዙ የለኝም፣ የሳቸውን ቃል የምወደውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ከጉብኝቱ በፊት ሄጄ ሀርሜንና አዋላጇን አስቀምጬ ነገርኳቸው። እንግዳ ይመጣል፣ ቤቱ እንዳለ ይታይ፣ ምንም አትንኩ፣ ምንም አታምጡ አልኩ። ሀርሜ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እሺ ኢንታላ ኮ፣ ምን እንነካለን» አሉ። እኔም ተማምኜ ተመለስኩ። የእኛ አገር ሰው እንግዳ ይመጣል ከተባለ በኋላ አትቸገሩ ቢሉት ይሰማል? እናቴ ጊዳ አያና እያለን እንግዳ በመጣ ቁጥር ብርጭቆ የምትዋሰው ከጎረቤት ነበር፣ የሚጠጣ ባይኖርም። ይህን እያወቅሁ እንዴት እንደተማመንኩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በቀኑ እንግዳዋን ይዤ ደረስኩ። በሩ ሲከፈት ቤቱን አላወቅሁትም። ግድግዳው በነጭ አፈር ተለቅልቋል። ወለሉ ላይ ፍራሽ ከፍራሽ ተያይዞ ተነጥፏል፤ በየፍራሹ ላይ አበባ አበባ ያለው አንሶላ፣ በየአንሶላው ላይ ብርድ ልብስ። አንዱ ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ ነበር፤ ለልጅ ሠርግ ተገዝቶ የተቀመጠ መሆኑን ለማወቅ ጠያቂ አያስፈልገኝም። መጋረጃ ተሰቅሏል። ነፍሰ ጡሮቹ ፀጉራቸው ተሠርቶ፣ ያማረ ልብስ ለብሰው እንደ ሚዜ ተደርድረዋል። ቀና ብዬ አየሁ። ጣሪያው በነጭ አቡጀዲ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ እንደ ኮርኒስ ተሸፍኗል። አንዲት ቀዳዳ አትታይም። ውጭ ደግሞ በጋ ነው፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ ሰማዩ እንኳ አልተባበረኝም።

እንግዳዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። እንዴት ያምራል አለች። ማርቃው በትልቅ ገበቴ ቀረበ፣ መሀሉ ላይ ቅቤው ኩሬ ሠርቷል። በላች፣ ደገመች፣ ፎቶ አነሳች። እኔ በጎን ሆኜ ይህ ሁሉ ዕቃ ከየሰዉ ቤት የመጣ ነው፣ ዛሬ ለአንቺ ክብር ነው እንጂ ወትሮ የለም አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እንዴት ያለ ለጋስ ሕዝብ ነው አለችኝ። ከጨርቁ በላይ ያለው ቆርቆሮ ያፈሳል አልኳት። ቀና ብላ አየችና አቡጀዲውንም ፎቶ አነሳችው።

ከዚያ ወደ ሀርሜ ዞራ ትልቁ ችግራቸው ምን እንደሆነ ጠየቀች። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ጥያቄውን በኦሮምኛ ሳቀርብ ከኋላው ዓይኔን ሁሉ ጨመርኩበት፤ ይበሉ፣ ይናገሩ፣ አሁን ነው እያልኩ።

ሀርሜ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ችግር የለብንም። ዋቃ ይመስገን። እንግዳችን ብቻ በሰላም ይግቡ» አሉ።

የተባለውን ተረጎምኩ። ከዚያ አላስችል ብሎኝ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ትእዛዙ፣ ስለ ክረምቱ ልቀጥል ስል እንግዳዋ በትሕትና እጇን አነሳች። የእናታችንን ድምፅ በራሳቸው አንደበት መስማት እንደምትመርጥ ነገረችኝ። የማኅበረሰቡ ድምፅ የሚሉት ነገር አላቸው፤ እኔ ደግሞ በመሀል የምገባ ደላላ ሆኛለሁ። ወደ አዋላጇ ዞር አልኩ፣ መሬት መሬት ታያለች። ለካ እሷም የራሷን ብርድ ልብስ አምጥታ አንጥፋለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

እንግዳዋን ይዤ ወደ ነቀምቴ መመለስ ስለነበረብኝ እዚያ ቆሜ የልቤን መናገር አልቻልኩም። መኪና ውስጥ መንገዱን ሙሉ ስለ ማርቃው ስታወራልኝ እየሳቅሁ ሰማሁ። ጥርሴ ነው የሳቀው።

ከርሞ ከርሞ የፋውንዴሽኑ ሰዎች ለስብሰባ ጠሩን። አለቃዬ ከአዲስ አበባ፣ እኔ ከነቀምቴ ሆነን ቀረብን። ኃላፊዋ ያን የመሰለ ጠንካራ ማኅበረሰብ በሥራ ዘመኗ አይታ እንደማታውቅ ተናገረች። ቤቱን ራሳቸው አሟልተው፣ ራሳቸው ተንከባክበው ይዘውታል፤ ስለዚህ ገንዘቡ የባሰ ችግር ወዳለበት ሌላ አገር ቢሄድ ይሻላል የሚል ሐሳብ ለኮሚቴያቸው ልታቀርብ ነው። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ዓርብ ነው። እስከዚያ ሐሳቧን የሚያስለውጥ አዲስ መረጃ ካለ በደስታ እንደምትሰማ ጨመረች። ስብሰባው ሲያልቅ አለቃዬ ደወለ። «አዲስ መረጃ ፈልጊ» አለኝና ዘጋው፣ መረጃ እንደ ሽንኩርት ከጉልት የሚገዛ ይመስል።

በማግስቱ ጠዋት ጉቴ ወረድኩ። እየተቆጣሁ ነው የሄድኩት፣ አልደብቅም። ሚኒባስ ውስጥ የምናገረውን ስደረድር ነበር። የሀርሜ ቤት ከጤና ጣቢያዋ በፊት ስለሚገኝ መጀመሪያ እዚያ ገባሁ።

«አካም ቡልቴ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ ሲሉ፤ ፊታቸው በራ። እንግዳዋ ደህና መግባቷን ጠየቁ። ደህና ገብታለች፣ በጣም አመስግናችኋለች አልኩ። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው በደስታ ሳቁ። ከዚያ ነገሩ ሁሉ ያለቀ መስሏቸው ጠየቁኝ።

«ታዲያ ጣሪያው መቼ ነው የሚሠራው?»

አይሠራም አልኩ። ያዘጋጀሁትን ሁሉ አፈሰስኩት። አንድ ዓመት ሙሉ ችግራችሁን ስናገር ከርሜ እናንተ በአንድ ጠዋት ውሸታም አደረጋችሁኝ፤ ምንም አልጎደላቸውም ብላ ሄደች፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማችሁም ወይ አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ሀርሜ እስክጨርስ ጠበቁኝ። አልተቆጡም። ባሕር አቋርጦ ለመጣ ሰው ቤትን ቆሻሻና ባዶ አድርጎ መቀበል እንዴት እንደሚቻል ግን አልገባቸውም። «ማሎ» አሉ፣ እባክሽ እንደማለት፣ «እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ ገበና ይገለጣል?»

ከዚያ ቆሜ መቅረቴን አዩና አልጋው ላይ እንድቀመጥ ለመኑኝ። ተቀመጥኩ። አጥንቴ ከጣውላው ጋር ተገናኘ። ጣውላው ላይ ቁርበት ብቻ ነው የተነጠፈው።

ፍራሹስ አልኩ። ማቆያው ውስጥ ነው አሉ፣ ቀላል ነገር አድርገው። እስካሁን? አልኩ።

እንግዳዋ የሄደች ዕለት ሲመሽ ሴቶቹ ዕቃቸውን ሊወስዱ ሄደው ነበር። ሲደርሱ ነፍሰ ጡሮቹ ተኝተውበታል። አንዷማ ቀኗ የደረሰ ናት፣ ከመጣች ጀምራ ወገቧን ስታማርር የነበረች፣ ያን ለት ግን እንቅልፍ ወስዷታል። «ከእርጉዝ ሥር ፍራሽ ይጎተታል?» አሉኝ። በሩ ላይ ትንሽ ቆመው ተያዩና ተመለሱ። በማግስቱም ማንም አልሄደም። ፍራሹም፣ ብርድ ልብሱም፣ ያ ከነላስቲኩ የነበረው የሠርግ ብርድ ልብስም እዚያው ቀረ። በየቤታቸው የሚተኙት ቁርበትና ጭድ ላይ ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን ቢሆን ጥሩ ነበር። ደስታ ነው የተሰማኝ። ይኸው አዲስ መረጃ! ይህን ብነግራት ኮሚቴው አይደለም ድንጋይ ይሰማል። ድሆች ከገላቸው ሥር አንስተው የሰጡት ፍራሽ፣ ሰጪዎቹ መሬት ላይ። ጭንቅላቴ ውስጥ አረፍተ ነገሩ ሁሉ ተሰልፎ ነበር፣ ለእሷ ቋንቋ የሚስማማ ሆኖ። ይህንኑ ለሰዎቹ እነግራለሁ፣ ጣሪያው ይሠራል አልኳቸው።

ሀርሜ እጄን ያዙኝ። ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እንዳትነግሪያት። የሰጠነውን ነው። ቁርበት ላይ ይተኛሉ ብለሽ በእኛ ልትለምኚ ነው? ከእጃችን ማርቃ የበላች ሴት እንዲህ አድርጋ ታስበን?»

ተከራከርኩ። ለእናንተ ሳይሆን ለነፍሰ ጡሮቹ ነው አልኩ። ክረምቱ ሲመጣ ቤቱ ይዘጋል አልኩ። ስለ ጣሪያው የፈለግሽውን ተናገሪ፣ ስለ ፍራሹ ግን አንዲት ቃል እንዳይወጣሽ አሉ። እጄን ሳይለቁ ቃል አስገቡኝ። ገባሁላቸው።

ዓርብ ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት ኃላፊዋ አገኘችን። አዲስ ነገር አለ ወይ አለች። ያለፈው ክረምት አዋላጇ በስልኳ ያነሳችውን የሚያፈስ ጣሪያ ፎቶ አሳየሁ፣ ጭራሽ የደበዘዘ ነው። ኃላፊዋ የራሷን አወጣች፤ ነጩ አቡጀዲ፣ በፀሐይ ብርሃን ተሞልቶ። ከዚያ ወዲህ ሁኔታው የተሻሻለ ይመስላል አለች። ጨርቅ ነው አልኩ። ገባኝ አለች፣ ግን የሷ ሰዎች በቅርብ ጊዜ የታየውን ነው የሚይዙት። አለቃዬ በስክሪኑ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮቱ ውስጥ ሆኖ በዓይኑ ይገፋኛል።

«ሌላ የምትጨምሪው አለ?» አለች።

በእሷ ተናደድኩ፣ በሀርሜም ተናደድኩ። ድህነትን ራቁቱን ካላዩ የማያምኑ ሰዎችና ድህነትን ለማንም የማያሳዩ ሰዎች መሀል ተቀምጬ ደሞዝ የምበላ ሰው በመሆኔም ተናደድኩ።

«የለም» አልኩ።

ገንዘቡ ሌላ አገር ሄደ። አለቃዬ ለብዙ ጊዜ በአጭር በአጭሩ ነበር የሚመልስልኝ። ምን እንደደበቅሁት አያውቅም፣ ግን አንድ ነገር እንደደበቅሁ ጠርጥሯል። ሌሎች ፋውንዴሽኖች ዘንድ ጻፍኩ፤ አንዱ የዘንድሮው ዙር አልፏል አለ፣ ሌላው ጭራሽ አልመለሰም። ነጋዴው ጎረቤቴ ነገሩን ሰምቶ እሱና ባልንጀሮቹ ቆርቆሮ እንደሚያዋጡ ቃል ገባ። ቆርቆሮው ተገዝቶ ሳያልቅ የወለጋ ዝናብ መጣ፣ እሱ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም።

አዋላጇ ደውላ ነገረችኝ። አቡጀዲው ውሃውን ተሸክሞ ተሸክሞ እንደ ሆድ ተነፍቶ ቆየና ሌሊት ተቀደደ። ሴቶቹ ላይ ወረደ። ፍራሹ ሁሉ ራሰ። በማግስቱ ቤቱ ተቆለፈ፣ ነፍሰ ጡሮቹ ወደየቀበሌያቸው ተሸኙ። ወንዙ ገና አልሞላም ነበር፣ ተሻግረዋል አለች። የሚመለሱበት ጊዜ ግን ወንዙ እንደሚሞላ እኔም እሷም እናውቃለን።

ጥቂት ቆይቶ ሀርሜ በልጃቸው ስልክ ደወሉልኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ወላጆቼ ጠየቁ። ከዚያ ፍራሻቸው እንደተመለሰላቸው ነገሩኝ። በፀሐይ ደርቋል፣ አልጋው ላይ ተነጥፏል፣ ግን እንቅልፍ እንቢ ብሏቸዋል። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሀርሜ፣ ሀርሜ እያልኩ ተጣራሁ።

«አለሁ ኢንታላ ኮ» አሉ። «ለዚያች እንግዳ አሁን ንገሪያት። ቁርበት ላይ እንተኛ ነበር በያት። ጣሪያውን ትሥራልን።»

ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ወስኖ፣ ገንዘቡን ሰጥቶ ከተበተነ ሰንብቷል።

«እሺ ሀርሜ፣ እነግራታለሁ» አልኳቸው።